የአባ መጫን ማሳ አካፋ አልበላውም

ከአሰንዳቦ ወረድ ብሎ፣ ጊቤ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ሰው "ሴቶቹ የበሉት" ብሎ የሚጠራው ስፍራ አለ። ድሮ የአባ መጫ የበቆሎ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ውሃ ነው። የባጃጅ ልጆች እንኳ በዚያ ሲያልፉ "ሴቶቹ የበሉት ጋ ወራጅ አለ?" ይላሉ። በእነሱ አልፈርድም፤ ማሳው ሲናድ ሕፃናት ነበሩ። ስሙን የሰሙት ከአባቶቻቸው ነው። አባቶቻቸው ደግሞ ከአንድ ሰው አፍ ሰሙት። ያ ሰው ሲናገር ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። የአባ መጫን ማሳ የሴቶች አካፋ አልበላውም። የበላው ማሽን ነው፤ ማሽኑን እዚያ ያስጠጋው ደግሞ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ስህተት ነበር፤ ስህተት ማንም ላይ ይደርሳል። ጥፋቱን በሴቶቹ ላይ ማላከክ ግን ስህተት አልነበረም። እኔን እስከ ጡረታዬ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ዘውዴ እባላለሁ። ጅማ ተወልጄ ጅማ ያረጀሁ፣ የልጅ ልጆች ያየሁ ሴት ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጉልበቴ ውሃ ውስጥ መቆም እምቢ እስኪለኝ ድረስ ኑሮዬ አሸዋና ጠጠር መፈለግ፣ መፈተን፣ የት ይቆፈር የት አይቆፈር ማለት ነበር። አሁን ቤቴ ተቀምጬ ጎረቤት ቤት ሲሠራ ግቢያቸው የተራገፈውን አሸዋ አጥሩን ዘልዬ ካልነካሁ አልተኛም። ልጄ "እማዬ፣ አሳፈርሽን" ትለኛለች። አሸዋው ጭቃ ሆኖ ቤቱ ሲሰነጠቅ ማን እንደሚያፍር እናያለን እላታለሁ።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ጅማ የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። ባሌ ገና በወጣትነቱ ሲሞትብኝ በመርፌ ልጆች ማሳደግ አልቻልኩም፤ መሃል ከተማ አንድ ትልቅ ፎቅ ይሠራ ስለነበር እዚያ የቀን ሥራ ገባሁ። ሥራው ባሬላ መሸከም ነው። ባሬላን ሁለት ሰው ይይዘዋል፤ ያኔ ከፊት ወንድ፣ ከኋላ ሴት ነበር የሚመደበው። ለወንዱ የሚከፈለው ይበልጣል። ያልያዘው ሰው ልዩነቱን አያውቅም እንጂ፣ በመወጣጫው እንጨት ላይ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋለኛው ነው የሚመጣው። ሁለት ቀን ችዬ በሦስተኛው እኔ ከፊት ልሁን አልኩ። ካቦው ስቆ ፈቀደ። ከኋላ የተመደበው ጎረምሳ ፀሐይ አናት ሳትደርስ "እትዬ፣ ወደ ቦታችን እንመለስ" ብሎ ለመነኝ። አልመለስኩም። ያን ሳምንት እኩል ተከፈለኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አታስፈልጊም ተባልኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ እሱ ነበር፤ ስሙን ረስቼዋለሁ፣ ሳቁን ግን አልረሳሁትም።

ከዚያ ሰቃ ሄድኩ። የጠጠር መንገድ ይሠራ ነበርና ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ነው። የጠጠሩ ሠራተኞች ካቦ አባ ፊጣ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን ለሰላት ካልሆነ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ሥራ ፈላጊዎቹን ሁሉ አሰልፈው በየመዳፋችን አንድ ጭብጥ አሸዋ ሰጡን፤ አፍሱት አሉን። ከዚያ መዳፋችንን እየዞሩ አዩ። ከአሸዋው ጋር ያለው ደለል እጅ ላይ ይቀራል። እሳቸው የሚያዩት ግን ደለሉን አልነበረም፤ ማን እጁን እንዳየና ማን በቀሚሱ እንደጠረገ ነበር። እኔ አየሁት። "አንቺ ኢንታላ፣ ነገ ነይ" አሉኝ። ኢንታላ ሴት ልጅ ማለት ነው፤ ሦስት ልጅ ወልጄም እስኪሞቱ ድረስ የጠሩኝ በዚሁ ነው።

አባ ፊጣ ያስተማሩኝ በቃል አይደለም፤ በአፍ ነው ብል ይቀላል። አሸዋ ይቀምሱ ነበር። ከወንዙ ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ያደቁታል። ጥሩ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፤ ሸክላ ያለበት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ያልተማመኑበትን በጠርሙስ ውሃ በጥብጠው ጥላ ሥር ያስቀምጡና ሄደው ይሰግዳሉ። ሲመለሱ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል። ደለሉ ከወፈረ ወንዙን አመስግነው ይሄዳሉ። አዎ፣ ያመሰግኑት ነበር። "ስላልዋሸን" ይላሉ።

ከብረት ዘንጋቸው ጋርም ያወሩ ነበር። ዘንጉን ወንዙ ውስጥ እየወጉ ጆሯቸውን ወደ እጃቸው ያስጠጋሉ። አሸዋ ሲሆን ሽሽ ይላል፤ ጠጠር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሸክላ ደግሞ ዝም ብሎ ይይዛል። እኔም ጆሮዬን አስለመድኩ። ከሰቃ የቡ ወደምትባል ከተማ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች መሠረት ጠጠር ልናወጣ ስንሄድ ዘንጉን የምይዘው እኔ ሆንኩ። የቡ ያሉት ወንዞች ጠባብ ናቸው፤ ትንሽ ካበዛህባቸው ይጠፋሉ። አንድ ባለ ጣቢያ ከማጠቢያው ቦይ በላይ ቆፍሩልኝ ብሎ ድርቅ አለ፤ ለመኪናው ስለሚቀርብ ነው። አባ ፊጣ ምንም አልተከራከሩም። በማግስቱ ሰውየውን ራሱን አምጥተው ከቦዩ በላይ ሆነው በእግራቸው ውሃውን አደፈረሱት፤ ከዚያ ይዘውት ወርደው ቡናው ላይ የሚደርሰውን አሳዩት። ሰውየው ቦታ ለወጠ።

ወደ አሰንዳቦ ያመጣን ማሽኑ ነው። ከወንዝ ውስጥ አሸዋና ጠጠር መጥጦ በቱቦ ወደ ዳር የሚተፋ፣ በበርሜሎች ላይ የሚንሳፈፍ፣ በናፍጣ የሚሠራ ፓምፕ። ሠራተኛው ሮቢ ብሎ ሰየመው፤ በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ነው። ድምፁም ሆዱም የጉማሬ ነበር። ለጅማ ግንባታ ጥሩ አሸዋ የሚመጣው ከሩቅ ስለነበር፣ ድርጅቱ ከቅርብ አወጣለሁ ብሎ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምሩ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቀልደኛ፣ ፈጣን፣ አንድ እግሩ ሁሌ መኪና ላይ፣ ስልኩ ሁሌ ጆሮው ላይ። አባ ፊጣ የቦታውን ዕቅድ እንዲያወጡለት ለመናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዘውዴ ካለች አሉ።

ዕቅድ ሲባል ብዙ ሰው ከየት እንደሚቆፈር መወሰን ይመስለዋል። አባ ፊጣ የሚጀምሩት ከማይቆፈረው ነው። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ወንዙን በባዶ እግራቸው እየሄዱ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ። ከብት የት ይጠጣል? ልብስ የት ይታጠባል? ሰው በየት ይሻገራል? የማን ማሳ ነው ወደ ውሃው የተጠጋው? እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ነጭ ቀለም የተቀባ ካስማ ይመታባቸዋል። ከዚያ በኋላ የተረፈው ነው የእኛ። ከኮሌጅ መጥታ ካርታውን የሠራችልን ወጣት መሐንዲስ እንዲህ ያለ አጀማመር ወደደች፤ ካስማዎቹን አንድ በአንድ እየለካች ወረቀቷ ላይ አስገባቻቸው።

ቦታው ይህን ይመስላል። ጊቤ እዚያ ላይ እንደ ክንድ ይታጠፋል። በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል፣ በፀሐይ መግቢያ ዳር፣ ውሃው ቀስ ስለሚል የተሸከመውን አሸዋ ያራግፋል፤ በየክረምቱ አዲስ ይተካል። ከዚያ ቢወሰድ ወንዙ ራሱ ይመልሰዋል። በውጨኛው በኩል፣ በፀሐይ መውጫ ዳር፣ ውሃው እየተገፋ ሄዶ ዳሩን ይመታል። እዚያ ጥልቅ ነው፤ ዳሩም ለስላሳ አፈር ነው። ከላዩ ያለው የአባ መጫ ማሳ ነበር፤ በቆሎ፣ ከጓሮው በኩል ጥቂት ቡና፣ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ። ከዋንዛው ሥር የሰው መሻገሪያ። ነጩ ካስማ የበዛው እዚያ ነበር። ዕቅዳችን በአጭሩ ሮቢ በፀሐይ መግቢያ ዳር ይቁም፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይብላ፣ የመምጠጫ ቱቦው ከተቀባበት ቀይ ቀለም በታች አይውረድ፣ የሚተፋው ውሃ ኩሬ ውስጥ ደለሉን አራግፎ ይመለስ የሚል ነው።

ሴቶቹን የረሳ ዕቅድም አልነበረም። ሮቢ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ወንዝ ላይ በአካፋ አሸዋ እያወጡ ለገልባጭ መኪና የሚጭኑ ሴቶች ነበሩ። አለቃቸው ሀሊማ ናት፤ ምላሷ ከአካፋዋ የሰላ፣ ስታስቅህ ቆይታ መሳቅህን የምታስከፍልህ ሴት። ማሽን ሲመጣ ሊያባርሯቸው ነበር። እኔ አይሆንም አልኩ፤ አባ ፊጣም አይሆንም አሉ። ከአሸዋው ጅራት፣ ውሃው ከጉልበት በማያልፍበት፣ በዚያው በፀሐይ መግቢያ ዳር፣ ከሮቢ በታች የራሳቸው ቦታ ተከለለላቸው። ማሽን የማይደርስበትን ጥሩውን አሸዋ የሚያወጡት እነሱ ነበሩ፤ ለልስን የሚፈለገውን።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። አባ ፊጣ አንድ የማይታገሡት ነገር ነበራቸው። ወንዝ ላይ "ወዲህ" እና "ወዲያ" ማለት ክልክል ነው። "ወዲያ የት ነው?" ይላሉ። "እኔ ስሻገር እኮ ወዲያ የነበረው ወዲህ ይሆናል።" በኦሮምኛ "ጋማና" እና "ጋማስ" ቢባልም ያው ነው፤ አያልፍም። ፀሐይ መውጫ ዳር፣ ፀሐይ መግቢያ ዳር፣ ሌላ የለም። የሳተ ለሠራተኛው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። ብዙ ሻይ የጋበዘው አቶ ታምሩ ነው። አፉ ወዲህ ማለት ይወዳል፤ እሱ "ወዲህ" የሚለው ቢሯችን ያለበትን፣ የፀሐይ መግቢያውን ዳር ነበር። ሻዩን እየከፈለ "አባ ፊጣ፣ ዘንድሮ ፀሐይዎ ደሞዜን በላችው" እያለ ይስቅ ነበር። እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

ሁለት በጋ በሰላም ሠራን። በሦስተኛው አባ ፊጣ ታመው ሰቃ ቤታቸው ተኙ። ሥራው በእኔ እጅ ሆነ፤ ካስማውን እኔ መታሁ፣ ሮቢን የሚነዳው ከድር የሚባል ጎልማሳ ነበርና ከእሱ ጋር ቀዩን ቀለም አደስን። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ሞተሩን ሲያስነሳ ቢስሚላህ ሳይል አያስነሳም፣ ያሉትን ያደርጋል። ያሉትን ማድረጉ ነው የኋላ ኋላ የጎዳን።

የበጋው መጨረሻ ላይ የመምጠጫው ቱቦ ተቀደደና ሌላ ልገዛ ጅማ ሄድኩ። ለጊዜው በጠገንነው ይሠራሉ። በዚያ ቀን አቶ ታምሩ ለመኪና አዲስ መንገድ ልይ ብሎ ተሻግሮ በአባ መጫ በኩል ቆሟል። ከዚያ ሆኖ ሮቢ መሃል ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አየ፤ በጣም ገባ ብሎበታል። ስልኩን አንስቶ ለከድር "ወዲህ አስጠጋው" አለው።

በልቡ የነበረው ወደ ቢሮው፣ ወደ ፀሐይ መግቢያው ነው። ዓመታት ሙሉ ወዲህ ሲል የኖረው ያንን ነው። ከድር ግን ቀና ሲል አለቃው በፀሐይ መውጫ ዳር ዋንዛው ሥር ቆሞ እጁን ያወዛውዝለታል። ወዲህ ማለት አለቃው የቆመበት ነው። ነጩን ካስማ አላየውም እንዳልል አይቶታል። ግን ሥራ አስኪያጁ ከካስማው አጠገብ ቆሞ እየጠራው ሳለ ምን ይበል? አቶ ታምሩ ስልኩን ዘግቶ፣ ሌላ ስልክ እየደወለ፣ ዞሮ ሳያይ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ከድር ሮቢን ወደ ዋንዛው ሥር ነዳው። ጠጠሩ እዚያ ብዙ ነበር። ቱቦው ግጥም አድርጎ ሲያወጣ ዋለ።

እኔ ከጅማ የተመለስኩት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ከመኪና ሳልወርድ ድምፁ ከማይመጣበት በኩል ሲመጣ ሰማሁ። ሮጥኩ፤ ያኔ ጉልበቴ ይሮጥ ነበር። ሞተሩን አስጠፋሁ። ዘንጉን ይዤ በጀልባ ተጠጋሁና ዳሩን ከሥር ወጋሁት። ዘንጉ ሽሽም አላለ፣ ቀጭም አላለ፣ አልያዘም። ባዶ ነው የገባው። ከማሳው ሥር ወንዙ የሚኖርበት ቤት ተሠርቶ ነበር።

"ማን አስመጣው?" አልኩት ከድርን።

"አቶ ታምሩ። 'ወዲህ አስጠጋው' አለኝ፤ እሱ እዚያ ጋ ቆሞ ነበር" አለና ወደ ዋንዛው በጣቱ አሳየኝ። ያኔ ገባኝ። እሱም ፊቴን ሲያይ ገባው፤ በርሜሉ ላይ ቁጭ አለ።

የቻልነውን አደረግን። አባ መጫን ጠርተን ከብቶቹን ከዳር አስወጣን፣ መሻገሪያው ላይ እሾህ ዘርግተን ሰው እንዳያልፍ ዘጋን። ሴቶቹ ከእኛ ጋር ድንጋይ በጆንያ እየሞሉ ከዳሩ ሥር ሲጥሉ አመሹ፤ ሀሊማ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበረች። ይህን አስቡልኝ፤ በኋላ አፈረሱት የተባሉት ሴቶች ዳሩን ለማዳን ድንጋይ የተሸከሙት ናቸው። ከላይ አገር ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጊቤ ጠዋት ደፍርሶ ሞልቶ መጣ። መጀመሪያ የተሰነጠቀው ከዋንዛው ኋላ ነው። ከዚያ ማሳው ሳይጮህ፣ ሰው ሲቀመጥ እንደሚቀመጥ፣ ቁጭ አለና ውሃ ውስጥ ገባ። በቆሎው ቆሞ ነው የሄደው። ዋንዛው ለጥቂት ጊዜ ተንገዳግዶ ተከተለው። አባ መጫ ከጎኔ ቆመው "ያ ረቢ" ብቻ አሉ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተበላሽቶብናል፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ሰው አልሞተም፤ አልሀምዱሊላህ አሉ ሰዎቹ፣ እኔም ተመስገን አልኩ። ግን አንድ ቤተሰብ የሚበላበት መሬት ነበር።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አባ መጫ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ማን እንዳደረገው ማወቅ። ማሳው የአባታቸው ነበርና ለልጆቻቸው ምን ብለው እንደሚናገሩ ይወቁ። አቶ ታምሩ ተነሳ። ድርጅቱ ለአካባቢው አሳቢ በመሆኑ ካሳ እንደሚሰጥ ተናገረ፤ ቀጠለና፣ ጥፋቱ ግን የማሽኑ አይደለም፣ በአካፋ የሚያወጡት ሴቶች ዳሩን ከሥር ቦርቡረውት ነው አለ። በቀላሉ ነው ያለው፤ ሰው ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ።

ሽማግሌዎቹ እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕቅዱ ከመውጣቱ በፊት ሴቶቹ ባገኙበት ይቆፍሩ ነበርና እዚያ ዳር ላይ ድሮ ያያቸው ሰው ነበር። ከድር አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኔ ተነሳሁ። ሴቶቹ ያሉት በሌላው ዳር ነው፣ ከጉልበት በላይ ውሃ አይገቡም፣ ከማሳው ሥር ያለው ጉድጓድ ግን ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ አካፋ ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድጓድ አይቆፍርም፣ ካላመናችሁኝ ዘንጉን ይዘን እንውረድ አልኩ። ውሃው ሞልቷል፣ ሲጎድል ይታያል አሉኝ። ውሃው እስኪጎድል ወንዙ ጉድጓዱን በደለል ደፍኖት ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ በጨዋ ደንብ "እትዬ፣ እርስዎም ሴት ነዎት፤ ለወገንዎ ቢያዝኑ አይፈረድብዎም" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ግን የተቀመጥኩት ወገቤ ደክሞ ነው እንጂ አምኜ አይደለም።

ሴቶቹ ከወንዙ ተከለከሉ። አንዳንዶቹ የቡ ቡና ለቀማ ሄዱ፤ ሀሊማ አሰንዳቦ መንገድ ዳር በቆሎ መጥበስ ጀመረች። ሰው በቆሎ ሊገዛ ሲመጣ "የአባ መጫ ነው?" ብሎ ይቀልድባታል። "አይ፣ የእሳቸውን በልቼ ጨርሻለሁ፣ ይህ የእናትህ ነው" ትላለች። ትስቅ ነበር። ልጇን ሊያጩ የመጡ ሰዎች የወጣባትን ስም ሰምተው ሲመለሱ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ቤቷ ሄጄ አብሬያት ተቀምጬ ነበርና አውቃለሁ።

አባ ፊጣ ታመው ሳለ ሄጄ ነገርኳቸው።  የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሰው ተጎድቷል ወይ፣ ሴቶቹስ የት ናቸው። ስለ ሁለተኛው ስነግራቸው ባርኔጣቸውን ከራስጌ አንስተው አልጋ ላይ እንደተኙ አደረጉት። "ኢንታላ፣ ወንዙን ለእኔ ተይው። ሰዎቹን ግን አትተዪ" አሉኝ። ብዙ አልቆዩም፤ አላህ ይማራቸው።

በቀጣዩ በጋ አቶ ታምሩ አዲስ ዕቅድ አውጪልን አለኝ። ሌላ የሚሠራው ሰው አልነበረውም። እኔም ሴቶቹ ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ አንድ ካስማ አልመታም አልኩ። ቀለደ፤ አልሳቅኩም። ተቆጣ፤ ቁጭ አልኩ። ገልባጮቹ ባዶ ቆመው ሾፌሮቹ መጮህ ሲጀምሩ ሴቶቹ ይመለሱ አለ። ተመለሱ። ስማቸውን ግን አላጸዳላቸውም። "ሥራ አገኙ አይደል? ያለፈውን ምን ይቆሰቁሱታል?" አለኝ። ሥራው መብታቸው ነው፤ ስሙም መብታቸው ነው። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መያዝ መስጠት አይደለም።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አመጣሁ። በየበጋው ሮቢ ገና ከመነሳቱ በፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብዬ እጠይቀዋለሁ። "አቶ ታምሩ፣ ለምን ሴቶቹ ላይ አደረጉት?" አንዴ ሳቀ። አንዴ ስልክ መጣልኝ ብሎ ሄደ። አንዴ "እትዬ፣ ዛሬ ሻይ እኔ ልጋብዝ" አለ፤ ሻዩን ጠጣንና ደግሜ ጠየቅሁት። ሾፌሮቹ ለመዱት። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ "ጥያቄው ሳይጠየቅ ሞተር አይነሳም" ይሉት ጀመር። ከድር ጥያቄው ሲደርስ በርሜሉ ላይ ቆሞ እጁን በቁልፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አንድ ዓመት የረሳሁ መስሎት እሱ ራሱ "እትዬ፣ አልጠየቁም እኮ" ብሎ አስታወሰኝ። ነገሩ ከድርን ምን ያህል እንደከበደው ያን ጊዜ አወቅሁ።

ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ሥራ መልቀቄን ተናገርኩ። ምሳ አዘጋጁልኝ፤ በፀሐይ መግቢያው ዳር፣ ከአሸዋው ክምር ጥላ ሥር። እንግዳ ጥሪ አሉኝ፤ አባ መጫን ጠራሁ። ሀሊማና ሴቶቹም ነበሩ። አባ መጫ አርጅተዋል፤ በዱላ ነው የመጡት፣ ከሴቶቹ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ምሳው ተበላ፣ አቶ ታምሩ ስለ እኔ መልካም መልካሙን ተናገረ፣ ጋቢ አለበሰኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። ከዚያ ጋቢውን እንደለበስኩ ጠየቅሁት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አጠፋው፤ ሲያጠፋው አይቼ አላውቅም ነበር።

ወደ አባ መጫ ዞረ። "አባ መጫ፣ ማሽኑን ወደ እርስዎ ዳር ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። በስልክ ነው። ሴቶቹ እዚያ አልነበሩም" አለ።

ሳቁ ሁሉ ቀረ።  አባ መጫ ያዩት እሱን አልነበረም፤ ሀሊማን ነው። "እኔ መንገድ ላይ ሳገኝሽ ሰላም አልልሽም ነበር" አሏት።

"እኔም አላልኩዎትም፤ እኩል ነን" አለች ሀሊማ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። ልንደግፋቸው ስንል እምቢ ብለው ራሳቸው እሷ ጋ ሄዱና እጇን ይዘው በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቁ። አዲስ መሬት የሰጧት ያህል ፊቷ ተለወጠ። ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ። ከድርም ተነስቶ እኔም አውቅ ነበር አለ፤ ስልኩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ አለ።

ሰዎቹ አለቀ ብለው መነሳት ጀመሩ። ለእኔ አላለቀም። ማን እንዳደረገው እኮ ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር፤ በየዓመቱ የጠየቅሁት እሱን አልነበረም። ቁጭ በሉ አልኳቸው፤ ተቀመጡ።

"አቶ ታምሩ፣ ዝናቡ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ የጣለ ዝናብ ነበር። ጊቤ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ ጊቤ አይከሰስም። ከድር ነው ማለትም ይችሉ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ለምን እኛን?"

እኛ አልኩ፤ እነሱን አላልኩም። እሱም ሰምቶታል። ሴቶቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ቀልድ ሲፈልግ የሚያደርገውን ፈገግታ ጀምሮ ተወው።

"ዝም የምትሉ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ" አለኝ።